ድሬ ያለ አንድ ችግኝ መሸጫ፦ ተክሉ ቆንጆ ነው፣ ስለ ወተቱ ግን ማንም አልነገረኝም

አምና ሳቢያን አካባቢ አዲስ ቤት ስንገባ ግቢው ባዶ ነበር። ጥግ ላይ አንድ ኒም ዛፍ፣ የቀረው ጠጠርና አቧራ። እናቴ ሐረር ነው ያደገችው። እዚያ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አበባ ከተከሉት ይይዛል። እኛ ደግሞ የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን 1,200 ሜትር አካባቢ ነን። መንገዱ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እማዬ ከሐረር ያመጣቻቸው ጽጌረዳዎች በሁለት ወር ውስጥ ደርቀው አለቁ። ስለዚህ ፀሐይ የሚችል፣ ውሃ ሲጠፋም የማያኮርፍ ተክል ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘሁት ከዚራ አካባቢ ትልልቅ ዛፎች ሥር ያለ ችግኝ መሸጫ ነው። ሰሌዳ የለውም። ደንበኛው ሁሉ "እማማ ጋ" ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ደጋግሜ ገዝቻለሁ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም አይቻለሁ፣ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ገበያቸውን ለመዝጋት ብዬ አይደለም። ቦታውን እወደዋለሁ፣ እንደዚያ የተናደድኩትም ስለምወደው ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን። ተክሎቹ ጤነኛ ናቸው። ሌላ ቦታ ችግኝ ገዝታችሁ ላስቲኩን ስትቀዱት ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ታፍኖ ታገኙታላችሁ፣ ወይ ደግሞ ትናንት ከሆነ ቦታ ተነቅሎ የተከተተ ይሆንና ሳምንት ሳይቆይ ይጠወልጋል። እዚህ እንደዚያ ገጥሞኝ አያውቅም። አፈሩ የወንዝ አሸዋ የበዛበት ነው፣ ፍግ ትንሽ ብቻ፣ ውሃ ስታፈሱበት ወዲያው ወደ ታች ያልፋል። ለቁልቋል ወገን ሁሉ ዋናው ነገር ይኼ ነው። እነዚህ ተክሎች በጥማት ከሚሞቱት በውሃ ብዛት የሚሞቱት ይበዛል። ሥራቸው ይበሰብሳል፣ ላያቸው አረንጓዴ ሆኖ ውስጣቸው አልቆ ታገኙታላችሁ።

እማማ የምትለው ነገር አለ፦ "ማሰሮውን አንሺው። ከቀለለሽ አጠጪው፣ ከከበደሽ ተይው።" ድሬ ስለሆነ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ አያቴ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፣ እሷም አንቺ ትለኛለች፣ እኔም አንቺ እላታለሁ። በዚህች ምክር ብቻ እስከ ዛሬ አንድም ተክል በውሃ አልገደልኩም። ውሃችን ኖራ እንደሚበዛበትም ታውቃለች፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ማለት ነው፣ እና ያንን ውሃ የማይችል ተክል ለምኜያት እንኳን አልሸጠችልኝም። "ይሞትብሻል፣ ብርሽን አታባክኚ" ብላ መለሰችኝ። እንደዚህ የሚል ሻጭ የት ይገኛል?

ዋጋው መካከለኛ ነው። ትንሿን የእሾህ አክሊል 150 ብር ገዛኋት። ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠ የበረሃ ጽጌረዳ 900 ብር። ትከራከራላችሁ፣ ብዙ ግን አትወርድም። ባጃጅ ጠርተው ራሳቸው ይጭኑላችኋል።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ።

ሁለተኛ የሄድኩት ለአጥር ነው። በራችን በተከፈተ ቁጥር የጎረቤት ፍየሎች ይገባሉ። እዚያ የሚሠራው ልጅ "ቅንጭብ ትከይ፣ ፍየል አይደፍረውም" አለኝ። ልክ ነው። ቅንጭብ ድሮም ለአጥር የተወደደው ለዚህ ነው። ቅጠል አለው ለማለት ይከብዳል፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፣ ቆርጠው መሬት ላይ ቢሰኩት ይበቅላል፣ ውሃ አምጡ አይልም። አሥራ ሁለት ገዛሁ። ልጁ ባጃጁ ላይ ሲጭንልኝ ሁለት ሦስቱ ቅርንጫፋቸው ተሰበረ፣ ነጭ ወተት ተንጠባጠበ፣ እሱም እጁን በሱሪው ጠረገ። ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩም። ልጅ ሆነን "የቁልቋል ወተት እንዳትነኩ" ስንባል አድገናል፣ ቅንጭብን ግን ከቁልቋል ጋር አያይዤው አላውቅም። አንዱ ወፍራም ባለ እሾህ፣ አንዱ ቀጭን እሾህ የሌለው። ዘመድ መሆናቸውን ማን ነገረኝ?

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ከፍታቸውን ላስተካክል ብዬ ወጣሁ። ግንቦት ነበር፣ የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ። በባዶ እጄ፣ በወጥ ቤት ቢላ እየቆረጥኩ፣ ላቤ ወደ ዓይኔ ሲወርድብኝ በእጄ ጀርባ ጠረግኩት።

በቃ፣ ይኼው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።

ወዲያው ብዙም አልተሰማኝም። ትንሽ ቆረቆረኝ፣ ፊቴን ተለቃልቄ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ዓይኔ ውስጥ ሚጥሚጣ የተነሰነሰ ነበር የመሰለኝ። መግለጥ አልቻልኩም። መብራት ሲበራ እንደ መርፌ ይወጋኛል፣ እንባው አይቆምም። ጎረቤት መጥታ የእናት ጡት ወተት ጠብ አድርጊበት አለች። ሌላዋ ማር አለች። እማዬ ሁለቱንም ከለከለች፣ እግዜር ይስጣት። ያን ቀን ቧንቧው ደርቆ ነበር፣ የታሸገ ውሃ ገዝታ በኩባያ እየቀዳች ስታጥበኝ አደረች። ጠዋት የማየው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። በዚያች ሰዓት የፈራሁትን ፍርሃት መጻፍ አልችልም።

ሐኪሙ ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት ዓይኔ ላይ ነክቶ በሰማያዊ መብራት አየው። የዓይኔ የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ ላዩ ተልጧል አለኝ። ለመመርመር የሚያደነዝዝ ጠብታ ሲያደርግልኝ ሕመሙ ጥፍት አለ፤ ይኼን ጠብታ ለቤት ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። እሱን ደጋግመሽ ከተጠቀምሽ ቁስሉ አይድንም አለኝ። የአንቲባዮቲክ ጠብታና ብሌኗን የሚያሳርፍ ሌላ ጠብታ ሰጥቶ በየቀኑ እየመጣሁ እንድታይ አዘዘኝ። በዘጠኝ ቀን ዳንኩ፣ እይታዬም ተመለሰ። ስህተቴ የቱ እንደነበር ሲነግረኝ ግን ደነገጥኩ። ወተቱ እንደነካኝ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ መታጠብ ነበረብኝ፣ የዚያኑ ቀንም ወደ ሐኪም መሄድ። የዚህ ወተት ሕመም ቆይቶ ነው የሚብሰው፣ መጀመሪያ ላይ ቀለል ሲል ሰው ይዘናጋል። እኔም የተዘናጋሁት ለዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ቁልቋልም ቅንጭብም ዩፎርቢያ ከሚባለው ወገን ናቸው፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ቤተሰቡን ስታሰፉት ጉሎ ይገባበታል፣ ብሳና ይገባበታል፣ ካሳቫ፣ የጎማው ዛፍ ሳይቀር። ስሙን ያገኘው ከአንድ ሐኪም ነው ይባላል፦ የሰሜን አፍሪካው ንጉሥ ዳግማዊ ዩባ አትላስ ተራራ ላይ የተገኘውን ተክል በራሱ ሐኪም በዩፎርቦስ ስም ጠራው። ሞሮኮ ውስጥ የሚበቅለው የዚህ ወገን ተክል ወተቱ ውስጥ ሬዚኒፌራቶክሲን የሚባል ነገር አለው፣ በርበሬን በርበሬ ከሚያደርገው ካፕሳይሲን እስከ 1,000 እጥፍ ያቃጥላል። ቅንጭብ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፣ ፎርቦልና ኢንጌኖል ከሚባሉት ወገን፣ ግን ቆዳንም ዓይንንም ክፉኛ ያስቆጣል። ተክሉ ለክፋት አይደለም ያዘጋጀው። በደረቅ አገር ውሃ ይዞ የቆመ ለስላሳ ግንድ ሁሉም ሊበላው ነው የሚመጣው፣ ወተቱ ያንን ያባርርለታል፣ ሲቆረጥም ረግቶ ቁስሉን ይዘጋለታል። ፍየሏ የምታውቀውን እኔ አላወቅኩም፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚያው መሸጫ ቆሜ የሰማሁት ነው። ልጁ ለአንድ ሰውዬ "ወተቱ ለኪንታሮት መድኃኒት ነው" ሲል ሰማሁት። እጅ ላይ ለሚወጣው ኪንታሮት ሰው እንደሚቀባው የታወቀ ነው፣ ሌላ አገርም ያደርጉታል። ግን በእኛ ቋንቋ ኪንታሮት ስንል ሁለት በሽታ ነው የምንጠራው። እጅ ላይ የሚበቅለውንም፣ መቀመጫ ላይ የሚወጣውንም። ሰውዬው የትኛውን ይዞ እንደሄደ ልጁ አልጠየቀም። እያሰብኩ ሰውነቴ ተንዘፈዘፈ። ሌላው ደግሞ፣ ከአንዲት ትንሽ የዩፎርቢያ አረም በላብራቶሪ ተለክቶ የተሠራ የቆዳ ቅባት ነበረ፣ አሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ፈቅዳው ነበር፣ አውሮፓ ውስጥ ግን በ2020 ከገበያ ወጣ፣ የቆዳ ካንሰር ያመጣል የሚል ስጋት ስለመጣ። ተለክቶ የተሠራው እንደዚህ ከሆነ ከቅርንጫፍ የሚንጠባጠበውን በጣት መቀባት ልክ አይደለም። እባካችሁ ተዉት።

ከዳንኩ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። አልጮህኩም፣ የሆነውን ተናገርኩ። ልጁ "አቦ እኔ በየቀኑ ነው የምነካው፣ ምንም አይለኝም" አለ። እውነቱን ነው፣ ለመዳፍ ቆዳ ብዙ ላይለው ይችላል፣ ዓይን ግን መዳፍ አይደለም። እማማ ዝም ብላ ሰማችኝ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችና ዓይኔን አየችው። ከዚያ "ልጄ፣ ሁሉም ሰው ያውቃል ብዬ ነው" አለችኝ። አምናታለሁ። እሷ ያደገችው ቅንጭብ አጥር በሆነበት ግቢ ነው፣ ቁልቋሉን "አዳሚ" እያለች በኦሮምኛ የጠራች፣ የትኛው እንደሚነካ የትኛው እንደማይነካ ከእናቷ የተማረች ሴት ናት። እኔ ሲሚንቶ ላይ ነው ያደግኩት። እኔን የመሰለ ደንበኛ ደግሞ በየቀኑ ይመጣል፣ ገንዘብ ይከፍላል፣ ይዞ ይሄዳል። ለእሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ይከብዳል?

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የእኔ ዓይን አይደለም። ለሦስተኛ ጊዜ ልገዛ ስሄድ፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ አንዲት እናት ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ይዛ የበረሃ ጽጌረዳ ስትመርጥ አየሁ። "ለሕፃን ችግር የለውም?" ብላ ጠየቀች። የመሸጫው ልጅም ሳያቅማማ "ምንም የለውም" አላት። ይኼ ስህተት ነው። የበረሃ ጽጌረዳ በእኛ ምሥራቅ ቆላ የሚበቅል ውብ ተክል ነው፣ ውሃውን ባበጠው ግንዱ ይዞ አበባው በደረቅ ወራት ጭምር ይፈካል፣ እኔም ደጃፌ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፈሳሹ እንደ ቅንጭብ ወፍራም ወተት ባይሆንም ልብ ላይ የሚሠራ መርዝ አለው። አፍሪካ ውስጥ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚመርዙት በእሱ ነው። ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ የሚከትበት ቤት ውስጥ ወለል ላይ አይቀመጥም። ሴትዮዋን ጠርቼ ነገርኳት፣ ልጁ ተቀየመኝ፣ ይቀየም።

ኦሊያንደርም አላቸው፣ ሮዝም ነጭም፣ በጣም ያምራል፣ ሙቀቱንም ይችላል። የበረሃ ጽጌረዳ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉም ግንዱም አበባውም እንደዚያው ልብ ይመርዛል፣ ሲቃጠል ጭሱ እንኳን ጥሩ አይደለም። ልጆችም ፍየሎችም ባሉበት ግቢ አልተክለውም፣ ስለዚህ አልገዛሁም። ደቻቱ ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ በነጻ የሚበቅለው ጦቢያውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፣ አረንጓዴ ፊኛ የመሰለ ፍሬውን ልጆች እያፈነዱ ይጫወቱበታል፣ ወተቱ ዓይን ከነካ እሱም አደገኛ ነው። የሚገርመው፣ ባለ መስመር አባጨጓሬ ይበላዋል። መርዙን በሰውነቱ ይይዝና ብርቱካናማ ቢራቢሮ ሆኖ ሲወጣ ወፎች አይነኩትም። አንድ ቀን ቆማችሁ እዩት።

በሌላ በኩል ያለ ምክንያት የሚፈራም አለ። ለገና የገዛሁት ፖይንሴቲያ እሱም ዩፎርቢያ ነው፣ ከሜክሲኮ የመጣ፣ ሰው ገዳይ ነው ይለዋል፣ አይደለም። ወተቱ ቆዳ ሊያሳክክ ይችላል፣ ቅጠሉን ልጅ ቢያኝከው ሆድ ቢያውክ ነው። ቀዩ አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው፣ የሚቀላውም ሌሊቱ ሲረዝም ነው፣ ስለዚህ የመንገድ መብራት በሚያርፍበት ቦታ አታስቀምጡት፣ አረንጓዴ ሆኖ ይቀርባችኋል። ይኼን እማማ ራሷ ነገረችኝ። የእሾህ አክሊሉንም እመክራለሁ፣ አገሩ ማዳጋስካር ነው፣ ድሬ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አበባ አለው። ወተት አለው፣ እሾህም አለው፣ ልጆች የማይሮጡበት ጥግ ይፈልጋል።

ሌላ ቅሬታ። ሁሉንም "ካክተስ" ብለው ነው የሚሸጡት። ይኼ የቃል ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ካክተስ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው፣ እዚህ ከደረሱት ውስጥ የምናውቀው እኛ አካባቢ ቲኒ የምንለው በለስ ነው፣ እሱን ልጠን እንበላለን። ካክተስ ነው ሲባል ሰው በለሱን ያስባል፣ እሾሁን ብቻ ይጠነቀቃል፣ ወተቱን አይጠረጥርም። የአገሩ ተክል ቁልቋል ነው፣ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ለመለየት ብዙ አያስቸግርም፦ የካክተስ እሾህ ከትንሽ ጥጥ ከመሰለ እብጠት ላይ በቡድን ይወጣል፣ የቁልቋሉ ግን ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። ሲሰበር ነጭ ወተት ካፈሰሰ ዩፎርቢያ ነው ብላችሁ ተጠንቀቁ።

እኔ አሁን ስቆርጥ ጓንት አለኝ፣ መነጽር አለኝ፣ ባልዲ ውሃ አጠገቤ ነው። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ስነክረው ወተቱ ቶሎ ይቆማል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሳምንት ሁለት ሳምንት ደርቆ ቁስሉ ሲዘጋ ነው የምተክለው፣ ወዲያው ከተተከለ ይበሰብሳል። ቢላዋ የአትክልቱ ብቻ ነው፣ ወጥ ቤት አይገባም። ቁርጥራጩን አላቃጥልም። ላብ በክንዴ ላይ ባሰርኩት ፎጣ ነው የምጠርገው። አጥሩ አሁን ወገቤ ደርሷል፣ ፍየሎቹ መምጣት አቁመዋል፣ እና እውነቱን ለመናገር ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ከግቢው ሁሉ ያምራል።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት እሰጣለሁ። ለተክሉና ለእማማ እውቀት ብቻ ቢሆን አምስት ነበር። ሁለቱን የቀነስኩት ስለ ወተቱ ነው፣ በተለይ ለዚያች እናት ስለተሰጠው መልስ። እናንተ ከሄዳችሁ ልጁን ሳይሆን እሷን ጠይቁ፣ ጠዋት ነው የምትገኘው፣ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ቤቷ ትገባለች። "ወተት አለው? ዓይን ቢነካስ? ልጅ ቢያኝከውስ?" በሏት፣ ከጠየቃችኋት አትደብቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ቅንጭቡን ከመንገድ ዳር አንስታ ወደ ኋላ ወስዳዋለች። ካርቶን አውጥታ "አንቺ ተምረሻል፣ ጻፊልኝ" አለችኝ። በአማርኛ "ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፣ በጓንት ያዙ፣ ከነካችሁ ብዙ ውሃ" ብዬ ጻፍኩ። ኦሮምኛውን የልጅ ልጇ ትጽፈዋለች፣ ሶማልኛውን ደግሞ ፊት ለፊት ያለችው የሻይ ቤቷ ልጅ። እስካሁን አልተሰቀለም። በሚቀጥለው ሳምንት አልፌ አያለሁ፣ ከተሰቀለ አንዱን ኮከብ እመልሳለሁ።